ስልሳ ቃላትና ስልሳ ጎረቤቶች

እውቀት ብርሃን ነው የሚሉ ሰዎች ኩራዝ ይዘው ባሩድ ቤት ገብተው አያውቁም። እኔ ገብቻለሁ። ኩራዙ ስድስት ገጽ ወረቀት ነበር፤ ባሩድ ቤቱ ደግሞ አሰበ ተፈሪ። ዛሬ ጭሮ የምንላት ማለቴ ነው። ያኔም ቢሆን ገበያተኛው ጭሮ ነበር የሚላት፤ አሰበ ተፈሪ የምንላት ደመወዛችን በዚያ ስም የሚመጣልን ሰዎች ብቻ ነበርን።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ዓባይ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በየዓመቱ ስናገር፣ ራሴ ከተነሳሁበት ንቅንቅ ሳልል ዕድሜዬ ወደ አርባ ተጠጋ። በዚህ መሐል «መምህራን በክረምት ሐረር ሄደው ደረጃቸውን ያሻሽሉ» ተባለና ሄድን። ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ሥነ ልቦና ነበር። አስተማሪያችን ከሲታ፣ ሳል የማይለየው፣ ተማሪ ባየ ቁጥር የሚያዝን ሰው ነው። በመጨረሻው ቀን በስቴንስል የተባዛ ስድስት ገጽ አደለን። ራስጌው ላይ «ለሥነ ልቦና ጀማሪ ተማሪዎች አስፈላጊ ቃላት» ይላል። ስልሳ ቃላት ናቸው፣ ከነትርጉማቸው።

«በሚመጣው ክረምት ስትመለሱ ፈተናው ከዚህ ነው» አለን። «ትርጉምና ምሳሌ። ምሳሌ ያልሰጠ ቃሉን አያውቀውም።»

ጉድ የሠራችኝ ያቺ «ምሳሌ» የምትለው ቃል ናት። ከስልሳዎቹ ግን አልተቆጠረችም።

ትርጉሞቹን ማን እንዳዘጋጃቸው አላውቅም፤ አማርኛ ላይ ቂም ያለው ሰው መሆኑን ግን እምላለሁ። ራሽናላይዜሽን ለምትባለው ቃል «ለኢምክንያታዊ ድርጊት ምክንያታዊነትን በማልበስ የሚከናወን ራስን የመከላከል ሂደት» ብሎ ጽፏል። ሌላው ሰው እንግሊዝኛው ሲከብደው ወደ አማርኛው ይሸሻል፤ እኔ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛው ስሸሽ ከረምኩ። በኋላ ሲገባኝ ነገሩ ሰኞ «ጫት ተውኩ» ብሎ፣ ማክሰኞ «ለጉንፋኔ ነው» እያለ የሚቅም ሰው ማለት ነው። እንዲህ ብለው ቢጽፉት ምን ነበረበት? ሁሉም ሰው ይገባዋላ! ሁሉም ሰው የሚገባው ነገር ደግሞ ዲፕሎማ አያሰጥም።

መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ቃላቱ ግን ጭንቅላቴ አልገባ አሉ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ጫቴን ይዤ መስኮት ሥር እቀመጥና ወረቀቱን እዘረጋለሁ። በእኛ አገር ያለ ጫት የሚያጠና ተማሪ ያለ ውሃ እንደሚላጭ ሰው ነው፤ መላጨቱን ይላጫል፣ ግን ይደማል። ባለቤቴ አልማዝ የሸዋ ሰው ስለሆነች በዚህ አባባል አትስማማም። እኔ ግን የምነግራችሁ ዘዴ የተገኘው በምርቃና ሰዓት ነው። ምርቃና ማለት ጫቱ አናት ላይ ወጥቶ ቃሚው ከአገሩ ሁሉ እሱ ብልህ የሆነ የሚመስለው ጊዜ ነው። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ደደብ ሰው አይገኝም።

የዚያን ቀን የያዝኩት ቃል ኮምፐልሽን ነበር፦ «አንድን ድርጊት ሳያስፈልግ ደጋግሞ የመፈጸም ግፊት»። ዐሥራ አንድ ጊዜ አነበብኩት። (ዐሥራ አንድ ጊዜ ማንበቤ ራሱ ምሳሌ ሊሆነኝ ይችል እንደነበር ዛሬ ነው የታየኝ።) ቀና ብዬ በመስኮት ብመለከት አቶ ሽፈራው የኅብረት ሱቁን እየዘጋ ነው። ሽፈራው የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ነው። ቆለፈ። ሃያ እርምጃ ሄደ። ቆመ። ተመለሰ። ቁልፉን ጎተተ። ሠላሳ እርምጃ ሄደ። ቆመ። ተመለሰ። ጎተተ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ከጨውና ከክብሪት በስተቀር አንዳች ነገር አልነበረም።

«አልማዝ!» ብዬ ጮህኩ። «ኮምፐልሽን ማለት ሽፈራው ነው!»

«ምን አደረገህ ደግሞ ሽፈራው?» አለች ከጓዳ።

አዲስ ደብተር አወጣሁ። በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ሰውየውን ጻፍኩ። ተአምር ነው፤ ቃሉ ከዚያ ወዲያ አልጠፋኝም። በሁለት ሳምንት ከተማዋ መማሪያ መጽሐፍ ሆነችልኝ። ዲናያል፣ እውነትን ፊት ለፊት እያዩ አለመቀበል፦ አዴ ፋጡማ። አዴ ፋጡማ (አዴ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው) መስቀለኛው መንገድ ላይ ጫት የምትሸጥ አሮጊት ናት፤ ከትናንት ወዲያ ተቆርጦ የጠወለገውን «ወላሂ የዛሬ ጠዋት ነው፣ ጤዛው እንኳ አልደረቀም» ትላለች። ሱፐርኢጎ፣ ተው፣ ነውር ነው፣ አታድርግ የሚል የውስጥ ድምፅ፦ አልማዝ። «የውስጥ» የሚለው ባይስማማም ጻፍኩት። የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰንም አልማርኩም፤ ዐሥራ ሰባተኛው እሱ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስልሳውን ቃል በስልሳ ሰው ሞላሁት። ሽፋኑ ላይ «ለራሴ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ያጠናሁትን ቃል «ራይት» አደረግኩበት፤ ከአፌ ላይ የሚያመልጠኝን የጥያቄ ምልክት።

አንድ ቃል ግን ጭራሽ እንቢ አለኝ። ፓራኖያ ይባላል። «ሰዎች ይከታተሉኛል፣ ያሳድዱኛል ብሎ ያለ በቂ ምክንያት የማመን ሁኔታ።» ጎኑ የጻፍኩት የግድግዳ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን መኩሪያን ነው። መኩሪያ ወዳጄ ነው። ሱሪ ቢያጠብ እንኳ በትሕትና የሚያጠብ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ መኩሪያ ሲፈለግ እሱ ተገኘና ሰባት ወር ታሰረ፤ ያኛው መኩሪያ ይገኝ ይረሳ ሳይታወቅ «ሂድ» ብለው ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ የልኬት ደብተሩ ላይ የደንበኛ ስም አይጽፍም፤ «ወፍራሙ»፣ «ግራ ትከሻው ዘንበል ያለው» እያለ ነው የሚይዘው። «መምህር፣ አንድ ቦታ ስሜ ተጽፎ ተቀምጧል» ይለኛል በየጊዜው። «ኧረ ተው፣ አንተን ደግሞ ማን ይጽፍሃል?» እለዋለሁ።

እና ጻፍኩት። አልገባ ብሎ ስላስቸገረኝም ስሙን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ጫት ልገዛ አዴ ፋጡማ ዘንድ ስሄድ ደብተሬን በብብቴ ይዣለሁ፤ ያን ሰሞን ያለ እሱ አልሄድም ነበር። ለመምረጥ እንዲመቸኝ ጫቱ የተዘረጋበት የማዳበሪያ ከረጢት ላይ አኖርኩት። «የዛሬ ነው»፣ «የዛሬ አይደለም» ተከራከርን። ተሸነፍኩ። ጫቱን ይዤ ሄድኩ። ደብተሩ ቀረ።

ሮጬ ስመለስ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። አዴ ፋጡማ ማንበብ አትችልም፤ ለሚችል ሰው «ይህ የማን ነው?» ብላ ሰጥታዋለች። የሚችለው ሰው ሽፈራው ነበር። ገና ሲከፍተው አንደኛ ቁጥር ላይ የራሱን ስም አገኘ። ዙሪያውን የቆመው ገበያተኛ ግማሹ ፊደል አይለይም፤ ግን የዚያ ዘመን ሰው የስም ዝርዝር ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም ነበር። ቁጥር አለ፣ ስም አለ፣ ምልክት አለ፣ «ለራሴ ብቻ» ይላል። ምን ቀረ?

እናንተ የኋላ ዘመን ሰዎች አትስቁ። ሕዝቡ ቃላት አልጎደለውም ነበር። አድሃሪ፣ ቀልባሽ፣ ወላዋይ፣ ሰርጎ ገብ፣ ሁሉንም ያውቃል፤ የትኛው ቃል ስንት ዓመት እንደሚያሳስር ሳይቀር ያውቃል። ኮምፐልሽን ስንት ዓመት እንደሚያሳስር ግን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ከገበያው መጨረሻ እስከ መናኸሪያው ድረስ ትንታኔው ተሰጠ። «ራይት» የተደረገበት ያለቀለት ነው ተባለ። የጥያቄ ምልክቱ በምርመራ ላይ ያለ ነው። በቀይ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን ምን እንደሆነ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

እኔም በአንድ ቅዳሜ ከጂኦግራፊ መምህርነት ወደ ጆሮ ጠቢነት ተሻገርኩ። ሐረር የሄድኩለትን የደረጃ ዕድገት ያለ ፈተና አገኘሁት ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት በመንገድ ሳልፍ ባርኔጣ የማያነሳልኝ ጠፋ። ለስድስት ዓመት አንገቱን ያዞረብኝ ሥጋ ሻጭ «መምህር፣ ከፋህ እንዴ? ከስተሃል» ብሎ ጉበት ጠቀለለልኝ። አንዱ መጥቶ የጥያቄ ምልክቱ ይነሳልኝ ብሎ ለመነኝ። ሌላው በጆሮዬ «የኔስ ይሁን፤ ቀጥሎኝ ያለውን ጎረቤቴን እንዴት ዘለልከው? እሱ አይደል ዋናው!» አለኝ። ከሁሉ የገረመኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ጢሜን እየላጨ፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ «በዚህ ከተማ ስልሳ ሰው ሲቆጠር እኔ የማልረባ ሆኜ ነው?» ብሎ ተቀየመኝ። ስልሳ አንደኛ ቃል ቢኖር ኖሮ እዚያው በሰጠሁት።

አልማዝ ሁለት ቀን ምሳዬን ከሰዓቱ አሳልፋ አቀረበችልኝ። በሦስተኛው «እኔን ያልከኝ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ክፉ አይደለም። ተው፣ ነውር ነው፣ አታድርግ የሚል ድምፅ ነው።»

«ታዲያ ደብተሩን ስትጽፍ የት ሄጄ ነው?»

ይህን ስትል የመኩሪያ ሚስት ዘነበች ደጃፉን በርግዳ ገባች። ነጠላዋን ታጥቃለች።

«መኩሪያ የለም» አለች።

«የት ሄደ?»

«ቅዳሜ ስሙን እንደሰማ መቀሱንና ሜትሩን ይዞ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ሚኤሶ የአክስቱ ልጅ ዘንድ ነው ያለው። ሹፌሩ መልእክት አመጣልኝ፤ ሳምንት ቆይቶ ነገሩ ካልጠራ ባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ጅቡቲ ነው። ጅቡቲ የገባ ባል ተመልሶ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዘነበች፣ እኔ እኮ ለፈተና…»

«የፈተናህን አልጠየቅኩህም! ለስምንት ዓመት ግድግዳ የተጋራህ ጎረቤት ነህ። ሱሪህን በነፃ ሲያሳጥርልህ ነው የኖረው። ባሌን በቀይ ጽፈህ አባረርክ፤ ባሌን አምጣ!»

ወጣች። አልማዝ እኔን አየችኝ።

በነጋታው ቀበሌ ተጠራሁ። ጓድ ታፈሰ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የቀድሞ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን ሲናገር ጋዜጣ የሚያነብ ነው የሚመስለው።

«መምህር፣ በዚህ ቀበሌ የስም ዝርዝር መያዝ የማን ሥራ ነው?»

«የቀበሌ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንተ ቀበሌ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ያለ ፈቃድ ዝርዝር የያዝከው በምን ሥልጣን ነው?»

ልብ በሉልኝ። ቅር ያሰኘው የሰው ስም መጻፉ አይደለም፤ እሱ ሳይፈቅድ መጻፉ ነው። ለፈተና መሆኑን፣ ቃላቱ ሥነ ልቦና መሆናቸውን አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔ ስም ዐሥራ ሰባተኛ ነው» አለ። «በምን መመዘኛ ነው ዐሥራ ሰባተኛ የሆንኩት? ሽፈራው አንደኛ ሆኖ?»

ውሳኔው አጭር ነበር። እሁድ ነዋሪው ይሰበሰባል፤ እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ ስልሳውንም ቃል እያነበብኩ፣ ምን ማለት እንደሆነና ሰውየው ለምን እንደተጻፈ አስረዳለሁ። አጥጋቢ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልሆነ እኔም ደብተሩም ወደ አውራጃ እንላካለን።

አጣብቂኙ ገባችሁ? ጆሮ ጠቢ አለመሆኔን ለማስረዳት ስልሳ ሰው ፊት ለፊት መስደብ አለብኝ። ስድቡን ካለዘብኩት ምስጢር ደብቄያለሁ፤ ካላለዘብኩት ከአዳራሹ በሕይወት አልወጣም። መኩሪያ ደግሞ ሚኤሶ ላይ ባቡር ይጠብቃል።

እሁድ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። ደወል የምንለው ቀበሌው በር ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ ሲመታ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አዳራሹ ሞላ። የተጻፉት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ያልተጻፉት ከኋላ ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ሰርግ ቤት እንኳ አይታይም።

«ቁጥር አንድ» አልኩ። «ኮምፐልሽን። ሳያስፈልግ አንድን ነገር መደጋገም። አቶ ሽፈራው፣ ሱቁን ቆልፎ… እየተመለሰ… ቁልፉን…»

መጨረስ አላስፈለገኝም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽፈራው ዘሎ ተነሳ። «የሕዝብ ንብረት ነው! ሦስት ጊዜ ባረጋግጥ ምን አለበት?»

«አምስት ጊዜ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አምስትም ቢሆን!» አለና ተቀመጠ። ወዲያው ተነስቶ ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፉ መኖሩን አረጋገጠ። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

«ቁጥር ሁለት። ዲናያል። እውነትን እያዩ አለመቀበል። አዴ ፋጡማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የጠወለገውን ጫት የዛሬ ነው…»

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች አዴ ፋጡማ። «ማሊፍ? ለምን እዋሻለሁ? ወላሂ ጫቴ የዛሬ ነው! የዛሬን ተወው፣ የነገ ነው!»

የሥነ ልቦና አስተማሪዬ በዚያ ቢኖር ሳሉ በቆመለት ነበር። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሐረርም አይገኝም።

እንዲህ እያልኩ ሄድኩ። አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ የሥነ ልቦና ትልቁ ምስጢርም ይህ ይመስለኛል፦ አንድ ቃል በተነበበ ቁጥር ሃምሳ ዘጠኙ ሰው «እውነት ነው፣ አቤት ሲያውቀው!» ይላል፤ አንዱ ብቻ «ሐሰት ነው» ይላል። ቀጥሎ ያ አንዱ ከሃምሳ ዘጠኙ ጋር ይቀላቀላል። ተራ በተራ ሁሉም እኔን አመነኝ፣ ሁሉም ረገመኝ።

ዐሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ጓድ ታፈሰ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ኮንዲሽኒንግ» አልኩ። «አንድ የሩሲያ ሊቅ ነው ያገኘው።»

«የሩሲያ?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ቀጥል፣ ቀጥል።»

«ሊቁ ለውሻ ሥጋ በሰጠ ቁጥር ደወል ይደውላል። ሥጋ፣ ደወል፤ ሥጋ፣ ደወል። ውሻው ለመደ። ኋላ ሥጋው ቀረ፤ ደወሉ ብቻ ሲደወል ውሻው ምራቁን ያዝረበርባል። ጓድ ሊቀመንበር እዚህ ምሳሌ ውስጥ… ደወሉ ናቸው።»

ጓድ ታፈሰ አሰበ። ደወል። ሰውን የሚያስነሳ፣ የሚያንቀሳቅስ፣ የሚያነቃ። ፊቱ እየበራ ሄደ። «ትክክለኛ አገላለጽ ነው» አለ። «ቀበሌው የሕዝቡ ደወል ነው። ይጻፍ።» ጸሐፊው ጻፈ። ላቤን ጠረግኩ። ተረፍኩ ብዬ ወደ ዐሥራ ስምንት ላልፍ ስል አዴ ፋጡማ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ። ውሻውስ ማነው?»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በደወል ተጠርቶ የመጣ ነው። ይህን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያሰበው ይመስለኛል፤ ሁሉም ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጓድ ታፈሰም አየ።

«በደብተሩ አልተጻፈም፣ አዴ።»

«ስልሳ ሰው ጽፈህ ውሻ ጠፋህ? ለውሻ ሰው አጣህ?»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። እዚህ ላይ ጀግና ነበርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያደረግኩት ግን ነፍስን ማዳን ነው።

«ውሻው እኔ ነኝ» አልኩ። «ደወሉን ሰምቼ ከሁላችሁ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ።»

ያ ሁሉ የተሰደበ ሰው በአንድ አፍ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ይቅርታም በቀልም ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ያሉትን አርባ ሦስት ቃላት ከአንዱ በስተቀር እየሳቁ ሰሙኝ። የጆሮ ጠቢነቱ ነገር በውሻነት ተለወጠልኝ፤ ዕድገት ነው።

መኩሪያ ጋ ስደርስ ዘነበች ከመሐል ተነሳች። «የሱን እዚህ አታነብም! የሱን ሄደህ ለራሱ ታነባለህ» አለች። ማንም አልሳቀም። ዘለልኩት።

ጓድ ታፈሰ ስብሰባውን ሲዘጋ ነገሩ ትምህርታዊ ሆኖ መገኘቱን፣ እኔም ነፃ መሆኔን ገለጸ። «ደብተሩ ግን ጠቃሚ ስለሆነ ቀበሌው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል» አለ። እኔ ነፃ በመውጣቴ ተደስቼ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አልሰማኋትም ማለት ይቻላል።

ማግስቱን በማሽላ ጫኝ መኪና ቁልቁለቱን ወርጄ ሚኤሶ ገባሁ። ሙቀቱ እንደ ጎረቤት ወሬ ፊት ላይ ይመታል። መኩሪያን ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ የግራር ጥላ ሥር፣ በውሰት የስፌት መኪና የሹፌር ሱሪ ሲጠቅም አገኘሁት። ሲያየኝ ከኋላዬ ማን እንዳለ ነው መጀመሪያ የተመለከተው።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩት። «ነገሩ አልቋል፣ መኩሪያ። የጥናት ደብተር ነው። በስብሰባ ተነቦ፣ ተስቆበት አልቋል። አገርህ ግባ።»

«የኔ ቃል ምን ማለት ነው?»

ነገርኩት። ሰዎች ይከታተሉኛል ብሎ ያለ በቂ ምክንያት ማመን። መኩሪያ መርፌውን ከጨርቁ ነቀለ።

«ያለ በቂ ምክንያት?»

«ያለ በቂ ምክንያት።»

«ስሜ ግን ተጽፏል።»

«ተጽፏል።»

«በቀይ።»

«ለማስታወስ ነው እኮ…»

«ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ደብተሩ አሁን የት ነው?»

«ቀበሌ» አልኩ። «ፋይል ውስጥ።»

መኩሪያ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። «መምህር፣ ላንተ እንዲህ ልበልህ» አለ። «አንድ ቦታ ስሜ ተጽፎ ተቀምጧል ስልህ ማን ይጽፍሃል ትለኝ ነበር። ይኸው ጻፍከኝ፣ ፋይል ውስጥ አስገባኸኝ፤ ከዚያ ያለ ምክንያት ትፈራለህ ልትለኝ ሁለት ሰዓት መኪና ተሳፍረህ መጣህ። እኔ በሽተኛ አይደለሁም፤ መረጃ ያለኝ ሰው ነኝ። ያ ነገር እንዳለ አልመጣም። ባቡሩ ሐሙስ ነው።»

ሽቅብ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የቃላቱን ወረቀት በሐሳቤ አገላበጥኩት። ለመኩሪያ የሚሆን ቃል የለውም። ምክንያት ኖሮት ለሚፈራ ሰው የሥነ ልቦና ጀማሪዎች ቃል አላዘጋጁለትም፤ እኔ የምኖርበት አገር ደግሞ እንደዚያ ባሉ ሰዎች ነው የተሞላው። ስድስት ገጽ አባዝተው አንዱን ዋና ነገር ረሱት።

ማክሰኞ ጓድ ታፈሰ ዘንድ ገባሁ። የመኩሪያ ስም ያለበት ገጽ ይቀደድልኝ አልኩት።

«ከፋይል ስም አይወጣም» አለ ደንግጦ። «ፋይል የሚጨመርበት እንጂ የሚቀነስበት ነገር አይደለም።»

«መጨመር ይቻላል?»

«መጨመርማ እናበረታታለን!»

ወረቀት ተቀብዬ እዚያው ጻፍኩ፦ «እርማት። ልብስ ሰፊው መኩሪያ ያለ በቂ ምክንያት ይፈራል ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ነው። በቂ ምክንያት አለው። ምክንያቱ እኔ ነኝ።» ፈረምኩበት። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። የሚከለክለው ነገር እንዳለ ፈለገ፣ አላገኘም።

«ግለ ሂስ ነው» አለ በመጨረሻ። ግለ ሂስ ደግሞ ያን ጊዜ እንደ ጸሎት ነው፤ የሚከለክለው የለም። ማኅተሙን አነሳ፣ እስትንፋሱን እፍ አለበት፣ ወረቀቱ ላይ መታው። አንዱ ፋይል ውስጥ ገባ፤ በካርቦን የተገለበጠውን፣ እሱም ማኅተም አርፎበት፣ ዘነበች ወስዳ ረቡዕ ሚኤሶ ወረደች።

ሐሙስ ባቡሩ ያለ መኩሪያ ሄደ። ዓርብ ጠዋት የስፌት መኪናው ኳኳታ በግድግዳው በኩል ተሰማኝ። አልማዝ ሰማችና ለመጀመሪያ ጊዜ በሳምንቱ ምሳ በሰዓቱ አቀረበችልኝ።

መኩሪያ አላነጋገረኝም፤ ሰላምታ ብቻ። ግን ያችን ወረቀት መስተዋት አስገብቶ ከመኪናው በላይ ሰቀላት። በአገሩ ሁሉ ፍርሃቱ ተገቢ ስለመሆኑ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ቆሞ ያነባታል። ካነበበ በኋላ ወደ እኔ ቤት ጎራ ይላል።

መጀመሪያ የመጣው ሽፈራው ነው። «ለእኔም እንደዚያች ያለች ብትጽፍልኝ» አለኝ፤ በሩን ሦስት ጊዜ መዘጋቱን አረጋግጦ። አዴ ፋጡማ «እኔ የምፈራው ነገር የለም፤ ግን ጻፍልኝ» አለች። ሥጋ ሻጩ መጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ በበደሳ መንገድ የሚሠሩ ሁለት ሹፌሮች መጡ። እኔ መጻፉን እጽፋለሁ፤ ያለ ማኅተም ግን ወረቀቷ ምን ትሠራለች እያልኩ መለስኳቸው።

በሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ጓድ ታፈሰ ነበር፤ ብቻውን፣ ያለ ጸሐፊ፣ ኮቱን ደረቱ ላይ ይዞ። ገባና በሩን ዘጋ። መስኮቱንም ዘጋ።

«መምህር» አለ፤ ያ የጋዜጣ ድምፁ አልነበረም። «ከአውራጃ የሚመጡ ሰዎች አሉ እየተባለ ነው። ስለ እኔ አንድ ነገር ተጽፏል ይላሉ። ያቺን ወረቀት… ለእኔም አንድ ብትጽፍልኝ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መጻፉ ምንም አይደል። ማኅተሙስ?»

በዝግ መስኮት በኩል የሚያይ ሰው እንዳለ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ኮቱን ገለጥ አደረገ።

«ይዤው መጥቻለሁ» አለኝ።